ከአርባ ምንጭ እስከ ዴልፍት፦ የአንድ ዓመት የባሕር ማዶ ትምህርት

በአርባ ምንጭ አንድ ወጣት ውጭ አገር የመማር ዕድል አገኘ ሲባል ከጎረቤት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሊማር ነው?» የሚል አይደለም። «መቼ ይመለሳል?» የሚለውም ቆይቶ ነው የሚመጣው። አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ይከፍሉታል?» ነው። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ልጅን የሚያሳድገው ሰፈር ስለሆነ ሰፈሩ ስለ ልጁ ሲሳይ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ችግሩ ይህ ጥያቄ ፊተኛ ሲሆን ሌላው፣ ከእርሱ የሚከብደው ጥያቄ ሳይነሳ የጉዞው ቀን መድረሱ ነው። ይህ ልጅ እዚህ ሌሎች የሚሸከሙለትን ነገር እዚያ ብቻውን ሊሸከም ይችላል ወይ? ነው ጥያቄው።

ተወልጄ ያደግሁት በሲቀላ ገበያ አጠገብ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። የተማርኩትም አሁን የማስተምረውም እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን ከጥቅምት 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ ግን በኔዘርላንድስ፣ እኛ ሆላንድ ማለት በለመድናት አገር፣ ዴልፍት በምትባል ከተማ በትምህርት ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውን ለመላክ የሚያስቡ ወላጆችና ለመሄድ የሚዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በተናጠል የምነግረውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ባቀርበው ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ለምን ዴልፍት?

አርባ ምንጭና ውሃ የተጣበቁ ናቸው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከፊቷ ቡናማው የአባያ ሐይቅና ሰማያዊው ጫሞ ተንጣለዋል፤ ከኋላዋ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ደጋ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚህ የተከፈተውም በከንቱ አልነበረም። ኢንስቲትዩቱ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስለዚህም ከዚህ ከተማ ወደ ውጭ የሚወጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ስለ ውሃ ለመማር ነው።

ሆላንዶች ደግሞ በውሃ ጉዳይ የተፈተኑ ሕዝቦች ናቸው። ከአገራቸው መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የካቲት ወር መግቢያ ላይ ባሕሩ ግድቦቹን ጥሶ በአንድ ሌሊት ማዕበል 1,836 ሰዎች ሞቱባቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ መሐንዲሶችን የሚያስተምር ተቋም በዴልፍት ተመሠረተ፤ ዛሬ አይ.ኤች.ኢ. ዴልፍት ይባላል። በክፍላችን ውስጥ ሆላንዳዊ ተማሪ አልነበረም። ከሱዳን፣ ከግብፅ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከጋና የመጣን ነበርን።

ለትምህርት ባሕር መሻገር ለእኛ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በካይሮው አል-አዝሃር ከአገራችንና ከዘይላ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበራቸው፤ «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ይባል ነበር። በሐዲስ ጥናት ስማቸው የታወቀው ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ካይሮ ውስጥ ሲሞቱ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1361 ነበር። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ለትምህርት ከዚህ ከሄዱ ሰዎች ነው። አባታቸው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ፣ በ1774 የሞቱት፣ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ፤ የሶላት ሰዓትን በጥላ የሚለኩ የፀሐይ ሰዓቶችን ይሠሩ ነበር። እኚህን ሰው በዴልፍት ክረምት ብዙ ጊዜ አስታውሻቸዋለሁ፤ ምክንያቱን እነሆ።

ፀሐይ ስትከዳ

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ የመግሪብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢለዋወጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ነው፤ ስትወጣም 12 ሰዓት ነው። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ራሱ የተሠራው በዚህ እምነት ነው፤ ፀሐይ አትዋሽም በሚል። በዚያ ላይ ሙአዚኑ አለ። ልጅ ሆነን ኳስ ስንጫወት ሰዓት የሚያስብልን እርሱ ነበር፤ ካልሰማንም የጎረቤት እናት በር ላይ ቆመው «አዛን አልሰማችሁም?» ብለው ይጮኹብናል። ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ ክርስቲያን ነበሩ።

ዴልፍት 52 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሲሆን የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በአራት ሰዓት ውስጥ ይከታተላሉ፤ ያ ሁሉ የትምህርት ሰዓት ነው። በሰኔ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል። ፀሐይ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ትጠልቃለች፤ ዒሻ ወደ እኩለ ሌሊት ይጠጋል፤ ጥቂት አሸልበው ሳይጠግቡ ሱብሒ ይደርሳል። እኔ በምኖርበት ሕንፃ የአዛን ድምፅ አይሰማም። ሰማዩ ደመና ነው፤ ጥላ እንኳ የለም። የሸይኽ ሐሰን የፀሐይ ሰዓት እዚያ ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈቶ ይውል ነበር።

የስልክ ማንቂያ አለ፤ ስልክ ግን ጊዜን ይነግርሃል እንጂ አያስነሳህም። ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ፣ ማንም ሳያስታውስህ፣ ማንም ባያይህ ሳይታዘብህ፣ ዐሥር ደቂቃ ለምነህ መውጣት ያንተ ፋንታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለአስተማሪዎች በግልጽ መናገር ይሻላል። እኛ ለሁለት ሆነን አስቀድመን ነገርናቸው፤ እነርሱም የዕረፍቱን ሰዓት ጥቂት አዛወሩት። ነገሩ ይህንኑ ያህል ቀላል ነበር። እንደ እኛ በዝምታ አክብረውን ይረዱናል ብሎ መጠበቅ ግን አይሠራም፤ እዚያ ያልተነገረ ነገር የለም ማለት ነው።

የዚያ ዓመት ረመዳን መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ገባ። ጾሙ በሰዓት ብዛት ያን ያህል አልከበደም፤ የሰኔ ረመዳን የደረሰባቸው የቀድሞ ተማሪዎች ከ18 ሰዓት በላይ መጾማቸውን ስናስብ የእኛ ቀላል ነበር። የሚያስገርመው መጋቢት 22 ቀን የሆነው ነው። ሆላንዶች በጸደይ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ ያ ቀን በረመዳን መካከል ዋለ። ቅዳሜ ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ያፈጠርን ሰዎች እሑድ ያፈጠርነው ከ2 ሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ ያው ናት፤ የተንቀሳቀሰው የሰው ሰዓት ነው። ከባንግላዴሽ የመጣው ጓደኛችን ቴምሩን በእጁ ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ትክ ብሎ እያየ መሳቁን አልረሳውም።

ወጥ ቤት

ስለ ምግብ ረጅም ማውራት አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ሐላል ሥጋ በቱርኮችና በሞሮኮዎች ሱቅ ይገኛል፤ ወላጆች በዚህ አይጨነቁ። ከዚህ ሲወጣ ግን ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ ወደ አውሮፓ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቋንጣና ቅቤ አዘጋጅታችሁ አየር ማረፊያ ላይ እንዳታለቅሱ። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ አልፈዋል።

ሁለተኛው የወንዶች ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ዳቦ በአይብ ለምሳ ይበቃል የሚል ሕዝብ መካከል፣ ሽንኩርት አቁላልቶ የማያውቅ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ምን ያህል እንደሚጎሳቆል በዓይኔ አይቻለሁ። እህቶቻችን በዚህ አይቸገሩም፤ የሚያስቸግራቸው የእኛ ድስት ጭምር በእነርሱ ላይ መጣሉ ነው። በሁለተኛው ወር አንዷ የወሎ እህታችን ተራ የሚያሳይ ወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች፤ ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ውድ እናቶች፣ ወንድ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ለሦስት ወር ማጀት አስገቡት።

ጤፍን ካነሳን አይቀር፣ እንጀራ በሄድንበት ሁሉ እንግዳ ሆኖ አልጠበቀንም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘጋጃጀት የእኔ ፈጠራ ነው ብሎ ለዓመታት የባለቤትነት መብት ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዴልፍት አጠገብ ባለችው ሄግ ከተማ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ አደረገው። ክርክሩ የተነሳው ሌላ ኩባንያ መብቱን ጥሷል በሚል ክስ ነው እንጂ በእኛ አገር ክስ አልነበረም። ይህንንም ማወቅ ደግ ነው።

«ከማን ሰማኸው?»

ወደ ትምህርቱ እንግባ። እኛ ዘንድ ጥሩ ተማሪ ማለት ዝም ብሎ የሚሰማ፣ የሰማውን የሚይዝ፣ በፈተና ቀን ሳያዛንፍ የሚመልስ ነው። አስተማሪን ፊት ለፊት መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ «አልገባኝም» ማለትም ያሳፍራል። እዚያ አስተማሪው በመጀመሪያ ስሙ ይጠራል። የዶክተር ማዕረጉን ብትጨምርለት ይስቃል። ዝም ያለ ተማሪ እንደ ጨዋ አይታይም፤ ወይ አላነበበም፣ ወይ አላገባውም ይባላል። ከኢትዮጵያ የሄድን ተማሪዎች ሁላችንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የምንፈተነው በእውቀት ሳይሆን በዚህ ነው።

ውጤቱም ግራ ያጋባል። ነጥቡ ከ10 ነው፤ 6 ማለፊያ ነው፤ 7 ደህና፣ 8 እጅግ ጥሩ ነው፤ 10 ያየ ሰው አላገኘሁም። ቤተሰብ ደውሎ «ስንት አመጣህ?» ሲል 7 ብሎ መመለስ ለክፍሉ አንደኛ ሲወጣ ለኖረ ልጅ ይመራል። ወላጆች ይህን አውቀው ቢጠብቁ ለልጁ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጽሑፍ ነው። ከሌላ ሰው መጽሐፍ የተወሰደን ሐሳብ ምንጩን ሳይናገሩ መጻፍ እዚያ እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ ጽሑፉን ሁሉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክር የኮምፒዩተር ፕሮግራም አላቸው። ብዙዎቻችን ይህን ፈረንጅ ያመጣው ጣጣ አድርገን እናየዋለን። በመድረሳ ያደገ ሰው ግን ሊገርመው አይገባም። ሐዲስ ሲቀራ እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እርሱም ከእገሌ ተብሎ ሰንሰለቱ እስከ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ድረስ ይቆጠራል። ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ወሬ ያማረ ቢሆን እንኳ ይመረመራል። ያ ከካይሮው ሪዋቅ ዘመን ጀምሮ ስማቸው የሚነሳው የዘይለዒ ታላቅ ሥራ «ነስብ አር-ራያ» የተጻፈውም ለዚሁ ነው፤ በአንድ የፊቅህ መጽሐፍ ውስጥ የተጠቀሱት ሐዲሶች ከየት እንደመጡ፣ በማን በኩል እንደደረሱ አንድ በአንድ ለማጥራት። እኔ ይህን ለአንድ ከጎኔ ለተቀመጠ የጅማ ልጅ ከነገርኩት በኋላ የግርጌ ማስታወሻውን «ኢስናድ» ይለው ጀመር። «ኢስናዴን ጨርሼ እመጣለሁ» ይለኛል፤ ሌሎቹ ምን እንደምናወራ አይገባቸውም ነበር።

ዓባይ በአንድ ሰፍ

ክፍላችን ውስጥ ግብፃውያንና ሱዳናውያን ነበሩ ብያለሁ። ዓመቱ የሕዳሴ ግድብ ሙሌት ነገር ከፍ ዝቅ የሚልበት ነበር። እንደምታስታውሱት ግድቡ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እኔ የአርባ ምንጭ ሰው ነኝ፤ የእኛ አባያና ጫሞ ወደ ዓባይ አይፈሱም፤ ወደ ባሕርም አይደርሱም። ለግብፃዊው ግን ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ አለቀ።

አስተማሪያችን የድርድር ልምምድ ሰጠን፤ እያንዳንዱ ተማሪ የሌላውን አገር ወክሎ እንዲከራከር ተደለደለ። እኔ ለግብፅ ደረሰኝ። እ.ኤ.አ. የ1959ን ስምምነት፣ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚያካፍለውንና ኢትዮጵያን ከነጭራሹ የማይጠቅሰውን፣ ይዤ ቆሜ ተከራከርኩ። ግብፃዊው ወንድማችን ደግሞ ከወንዙ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚነሳ እየጠቀሰ ስለ መብታችን አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ የተሻለ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ነበር። ሐሳባችንን አልለወጥንም። እርሱ ስለ አባቱ እርሻ፣ እኔ ስለ አገሬ ጨለማ ማሰባችንን ቀጠልን። ነገር ግን ሌላው ሰው የሚፈራው ምን እንደሆነ ሳያውቁ መከራከርና አውቀው መከራከር አንድ አይደለም። በዚያው ዕለት ዐስርን ጎን ለጎን ቆመን ሰገድን።

ሱዳናዊው ያን ሰሞን ብዙ አይናገርም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተጀመረው ጦርነት ቤተሰቡን በትኖበት ነበር። እኛ ስለ ወንዙ ስንሟገት እርሱ ስልኩን እያየ የእናቱን መልእክት ይጠብቃል።

በሌላ ቀን አስተማሪው ከየአገራችን ግጭት የበረደበትን አንድ አጋጣሚ እንድንናገር ጠየቀን። እኔ መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ በአርባ ምንጭ የሆነውን ተናገርኩ። በቡራዩ የተፈጸመው ግድያ ያስቆጣው ወጣት ለበቀል ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም አልፎአቸው አልሄደም። ክፍሉ ዝም አለ። ኮሎምቢያዊቷ ሣሩ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚቆርጠው፣ ሽማግሌ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ትጠይቀኝ ጀመር። በጋሞ የዱቡሻ ሸንጎ እንዴት እንደሚሰበሰብ አስረዳኋት። የዴልፍት አካባቢ የውሃ ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1289 ጀምሮ የተቋቋመ ነው ብለው አስተማሪዎቻችን ሲኮሩ እንሰማ ነበር፤ መኩራታቸው ተገቢ ነው። የጎረቤቱ ክንብል ሲሰበር የእኔም ቤት ይሰምጣል ብሎ መሰብሰብን ግን ደጋ ላይ ያሉት የጋሞ ገበሬዎችም ያውቁታል፤ ልዩነቱ የእነርሱ አለመጻፉ ነው።

ሐምሌ 15

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተራራው ተደርምሶ መንደር ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎፋና ጋሞ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ አንድ ዞን ነበሩ፤ ቀበሌ ከቀበሌ ቢለያይም ዘመድ ያልተጋባ ቤት የለም።

እኔ ያን ዕለት ማለዳ ዴልፍት ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ውሃ ባፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሰርግ የሚያሰላ ቀመር እያስተካከልኩ ነበር። ፎቶግራፉን አየሁ፤ በእጃቸውና በአካፋ ጭቃ የሚቆፍሩ ሰዎች። ያን ቀን ከግብፅም ከሱዳንም የመጡት ወንድሞች ሻይ ይዘው ወደ ክፍሌ መጥተው እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። ብዙም አልተናገሩም። ይህ ሁሉ ትምህርት ለማን ነው? የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከሳምንት በኋላ ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዩሮውም እንደዚያው። በአንድ በኩል የአባቴ ጨርቅ ዋጋው ናረ፤ በሌላ በኩል እኔ በእጄ የያዝኳት መቶ ዩሮ በአርባ ምንጭ ዕጥፍ ሆነች። ስልኩ መጮህ የጀመረው ያኔ ነው። የአጎት ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ነው፤ የአክስቴ ጣሪያ ያፈስሳል፤ አንዱ ልጁን ሊድር ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ በሉልኝ። ለተማሪ የሚሰጠው የስኮላርሺፕ ገንዘብ የተቆጠረው ለአንድ ሰው ነው፤ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለጤና መድን፣ ለመጻሕፍት። በሆላንድ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ መሥራት የሚችለው አሠሪው የሥራ ፈቃድ ካወጣለት ብቻ ሲሆን እርሱም በሳምንት 16 ሰዓት ነው፤ ያለበለዚያ በበጋ ሦስት ወር። ከዚህ በላይ የሚልክ ተማሪ ወይ ከጉሮሮው ነጥቆ ነው፣ ወይ ከትምህርቱ። ሌሊት ዕቃ ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ መጨረሻም ፈተናውን የደገመ ልጅ አውቃለሁ። ለቤተሰቡ ግን ማቀዝቀዣ ገዝቷል፤ ሰፈሩም አመስግኖታል።

በእኔ በኩል ያዳነኝ አባቴ ነው። ከመሄዴ በፊት ዘመድ ተሰብስቦ ዱዓ ሲደረግ፣ ልጁ የሚሄደው ለመማር እንጂ ለመሥራት ስላልሆነ እስኪመለስ ድረስ ከእርሱ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ ብሎ በሰው ፊት ተናግሮ ነበር። ስለዚህ የደወለውን ሁሉ ወደ አባቴ መራሁት። አባቴ የቻለውን ሰጠ፤ ያልቻለውንም በቃሉ መለሰ። ዓመቱን ሙሉ ከተሸከምኩት ይልቅ እርሱ የተሸከመልኝ ይበዛል። አንድ አባት ለልጁ ከሻንጣ አስቀድሞ ቢገዛለት የምመክረው ይህን ቃል ነው።

መመለስና መቅረት

ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ በሆላንድ ሥራ የሚፈልግበት አንድ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ከእኛ መካከል የቀሩ አሉ። አልፈርድባቸውም። ሱዳናዊው የሚመለስበት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ነበር፤ ወዴት ሂድ ይባላል? እኔ ተመልሼ ላስተምር ፈርሜ ነበር፤ ፊርማ ባይኖርስ? የሚለውን ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ደሞዙን አስላሁ፤ ልዩነቱ የሚያስቅ አይደለም። በመጨረሻ ያጋደለው ያች የሐምሌ 15 ማለዳ ናት።

ጥቅምት 2017 ላይ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ክፍል ስልሳ ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ዝም አሉ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ደቂቃ ዝምታ በአርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ረጅም ነው። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣና መልሱን ሳይሆን ጥያቄው እንዳልገባው ተናገረ። ጥሩ ጅማሬ ነበር።

አሁን የምንሠራው ሥራ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቀዬው ሲሄድ የላስቲክ ውሃ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ ገልብጦ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፎ የዝናብ መለኪያ ይሠራል፤ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይነበባል። ከጨንቻ፣ ከቦንኬ፣ ከካምባ፣ ከምዕራብ ዓባያ ደብተር ይመጣል። ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ጠርሙሱን የሚያነብለት ከቤተሰቡ አንድ ሰው አለ። የአንዷ ተማሪ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በየቀኑ በልጃቸው የጥፍር ቀለም ጠርሙሱ ላይ ያሰምራሉ። ጠርሙሱ ሲሞላ አጥበው ያስቀምጡና አዲስ ይተክላሉ። ባለፈው ዕረፍት ልጅቱ ስድስት ጠርሙስ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ መጣች፤ መስመሮቹን እየለካን ወደ ደብተር ስንገለብጥ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብን።